ስንቅና ምርቃት

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ለአጭር ጊዜ የወንጌል ተልዕኮ ከአገር ስለ መውጣት። ሦስቱም ከጎጃም የተጻፉ ናቸው። እኔም የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ በነርስነት ሳገለግል ቆይቼ በ2002 ዓ.ም. ለአራት ወር ወደ ማላዊ ተልኬ ነበር። የመጀመሪያውን ደብዳቤ መልስ ማሳጠር አልሆነልኝም፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የሃያ ስድስት ዓመት አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የምኖረው በሰከላ ወረዳ፣ ግሽ ዓባይ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከሌሎች አጥቢያዎች ጋር ሆና አምስት ሰዎችን ለሦስት ወር ወደ ማዳጋስካር ትልካለች፤ አንዷ እኔ ነኝ። የምንነሳው በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ጸልዬበታለሁ፤ ሸክሙም አለኝ። ችግሬ እናቴ ናት። እርሷ ኦርቶዶክስ ናት። በእምነቴ ምክንያት የተኳረፍንበት ጊዜ አልፎ አሁን በሰላም አብረን እንኖራለን። ስለ ጉዞው ጫፉን ስነግራት «የሰከላ እናት አዋላጅ አጥታ በቃሬዛ ስትንገላታ አንቺ የሰው አገር ሰው ልታዋልጂ ነው?» አለችኝ። ጓደኞቼ «ለሥልጠና አዲስ አበባ እሄዳለሁ በያት፤ ሦስት ወር ምን አላት» ይሉኛል። ምን ልበላት? እኔስ እንዴት ልዘጋጅ? (ወ.፣ ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ ልጄ ወ.፣ ጓደኞችሽ የሰጡሽን ምክር እኔ በሥራ ላይ አውዬው አይቻለሁ። በየካቲት ወር ከዳንግላ ስነሳ ለአባቴ «አዲስ አበባ ለሥልጠና ተጠርቻለሁ» አልሁት። አባቴ ገበሬ ነበር። ፊደል ባይቆጥርም ትምህርትን ያከብር ነበርና ከመቀነቱ መቶ ብር ፈትቶ በእጄ አስጨበጠኝ፤ «በርትተሽ ተማሪ፣ በሰላም ግቢ» ብሎም መረቀኝ። የተመረቀልኝ ጉዞ ሌላ፣ የሄድሁበት ጉዞ ሌላ። ሊሎንግዌ አውሮፕላን ማረፊያ ቦርሳዬን ስከፍት ያችን መቶ ብር እንደ ተጣጠፈች አገኘኋት። ብር እዚያ አይመነዘርም። ቢመነዘርም እጄ አይነካትም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቡና ነጋዴ አባቴን ገበያ ላይ አግኝቶ «ልጅህ ባሕር ተሻገረች ሲሉ ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለህ» አለው። አባቴ «አዎ» ብሎ የያዘውን ሳይሸጥ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ይህን የነገረችኝ እኅቴ ናት።

እኔ የተመለስሁት ሰኔ ማለቂያ ላይ ነው። ዝናብ ነበር፤ ከመኪና ወርጄ በጭቃው እየተንሸራተትሁ ቤት ደረስሁ። አባቴ ከመደቡ ተነሳ። አልሳመኝም። በርጩማ አቀረበልኝ፣ ሳፋ አመጣ፣ ከምድጃው ላይ ለብ ያለ ውሃ ቀድቶ ጨመረበትና ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አወለቀ። እግሬን ያጥበኝ ጀመር። «አባዬ፣ ተው» ብለው አልሰማኝም። በቁርጭምጭሚቴ ዙሪያ የደረቀውን ጭቃ በአውራ ጣቱ እየፈተገ፣ በጣቶቼ መካከል ውሃውን እያሳለፈ ሁለቱንም እግሮቼን አጥቦ በጋቢው ጫፍ አደረቃቸው። በእኛ ቤት ልጅ የአባቷን እግር ታጥባለች፤ አባት የሚያጥበው የመሸበትን መንገደኛ ነው። ሲጨርስ ቀና ብሎ «እንግዳዬ፣ አገርሽ ወዴት ነው?» አለኝ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሯል፤ ታርቀናልም። ያችን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልመለስኋትም። አትዋሺያት፣ ልጄ።

የእናትሽን ንግግር ደግሞ እንደ እንቅፋት አትቁጠሪው። ከሰከላ ጉብታዎች ላይ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትወርድ አይታለች፤ ምናልባት እርሷም አንድ ቀን ወርዳበታለች። ይህ ጥያቄ ጥቅስ አይመልሰውም። ያለ ደመወዝ ፈቃድሽን በጽሑፍ ያዢ። ሦስቱን ወር ተራሽን የምትይዘው አዋላጅ ማን እንደ ሆነች በስም እወቂ፤ ከተቻለም ልጅቱን ቤት ድረስ ውሰጃትና ከእናትሽ ጋር ቡና ትጠጣ። ተተኪ ካልተገኘ ግን አንቺ በሚቀጥለው ዙር ብትሄጂ ይሻላል። ይህን ስል መጠራትሽን ተጠራጥሬ አይደለም። ሰከላን አጉድሎ ማዳጋስካርን የሚሞላ አገልግሎት ስለማይገባኝ ነው።

ቁርጡን ስትነግሪያት መጋቢሽን ይዘሽ አትግቢ፤ ነገሩ የሃይማኖት ክርክር ይመስላታል። አጎትሽን ወይም ቃሉ የሚደመጥ አንድ ጎረቤት ያዢ። ቡናው በረካ ሲደርስ የምትሄጂበትን አገር፣ የምታድሪበትን ቤት፣ የምትመለሽበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር ንገሪያት። ከዚያ ክረምቱን አብራችሁ ቁጠሩት፦ ሐምሌ ላይ ጣራው ቢያፈስ ማን ይወጣበታል? የእድሩን መዋጮ ማን ያደርስላታል? እንጨቱ፣ እህሉ እስክትመለሽ ይደርሳል? ያንቺንስ እቁብ ማን ይጥልልሻል? እናት «ሂጂ» የምትለው እንዲህ ያለው ነገር ሁሉ መልስ ሲያገኝ ነው። በምትነሺበት ጧት ጉልበቷን ሳሚ። በእመቤታችን ስም ብትመርቅሽ አሜን በይ። ብታለቅስ አብረሽ አልቅሺ፤ ዝም ብትልሽም ጉልበቷ ላይ ቆይ፣ ቶሎ አትነሺ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ፓስፖርትሽ ከጉዞው ቀን ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል መሆኑን ዛሬውኑ ተመልከቺ። የቢጫ ወባ ክትባት ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ካርዱ የሚጸናው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ስለሚያገለግል ያችን ቢጫ ካርድ እንደ ፓስፖርትሽ ጠብቂያት። ዲግሪሽንና የሙያ ፈቃድሽን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አስረጋግጪ፤ ማዳጋስካር በመሥሪያ ቤት ፈረንሳይኛ የሚሠራበት አገር ነውና አስተርጉሚውም። ተቀባይዋ ቤተ ክርስቲያን ከአገሩ የጤና ባለ ሥልጣን ፈቃድ እስክታወጣልሽ ድረስ ጓንት አታጥልቂ። «እርዳታ ነው፣ ማን ይጠይቃል» የሚል ሰው አይጠፋም። ግሽ ዓባይ ላይ የማይፈቀድልሽን ሥራ በሌላ አገር ሴት አካል ላይ መሥራት ኃጢአት ነው፤ ለስላሳ ቃል አላገኘሁለትም።

የወባው ጉዳይ ከበድ ይላል። አንቺ የደጋ ልጅ ነሽ፤ ገላሽ ለወባ ባዳ ነው። ሐኪም ለመከላከያ ዶክሲሳይክሊን ካዘዘልሽ ከመግባትሽ አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ጀምረሽ በየቀኑ ትወስጂያለሽ፤ ከተመለስሽ በኋላም አራት ሳምንት ሙሉ ትቀጥያለሽ። እኔ ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ዳንግላ ስገባ «አገሬ ገባሁ» ብዬ ኪኒኑን ተውሁት። በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳቱ ጣለኝ። ምች ነው ተብሎ ዳማ ከሴ ተጨመቀልኝ፤ ሁለት ቀን በጋቢ ተጠቅልዬ አላበኝ። በሦስተኛው ቀን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደሜን ወስዳ በማይክሮስኮፕ አየችውና ሮጣ መጣች። ነርስ ሆኜ እንዲህ ማድረጌ ያሳፍረኛል። ሌላው ሰው ከእኔ እንዲማር ግን ደጋግሜ እናገረዋለሁ። አጎበር አትርሺ። ከተመለስሽ በኋላ በሚመጣብሽ ማንኛውም ትኩሳት የት እንደ ነበርሽ ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪው።

ቲኬቱን ደግሞ ከሌላ ሰው ጋር ሆነሽ ሁለት ጊዜ አንብቢው። በእኛ ቡድን የነበረ አንድ ወንድም ቲኬቱ ላይ 03:30 የሚለውን የጧቱ ሦስት ሰዓት ተኩል መስሎት ሻንጣውን ይዞ ሲደርስ አውሮፕላኑ ሄዷል፤ 03:30 በእኛ ከሌሊቱ 9:30 ነው። ቀኑም ያሳስታል። በፈረንጅ ሐምሌ 13 ቀን 00:50 ተብሎ የተጻፈ በረራ በእኛ ሐምሌ 5 ማታ አምሽቶ ከሌሊቱ 6:50 የሚነሳ ነው፤ ነግቶ ሐምሌ 6 ብለሽ ከጠበቅሽ አልፎሻል። መንገዱም በየጊዜው የማያስተማምን ስለ ሆነ ከቤት ሁለት ሦስት ቀን ቀድማችሁ ብትወጡ ይሻላል። ማዳጋስካር ስትደርሺ ሰዓትሽን መለወጥ አያስፈልግሽም፤ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ለእናትሽ ይህን ንገሪያት፤ እርሷ ለእራት ስትቀመጥ አንቺም ለእራት እንደምትቀመጪ ታውቅ።

ግሽ ዓባይ ስለምትኖሪ አንድ ታሪክ ላንሳልሽ። እ.ኤ.አ. በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ የካቶሊክ ኢየሱሳውያን ማኅበር ሚሲዮናዊ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሲጓዝ ከዚያ ከሰፈራችሁ የዓባይ ምንጭ አጠገብ ቆሟል። ወደ አገራችን የገባው በ1603 ነበር። ግዕዝና አማርኛ ተማረ፤ ከሊቃውንቱ ጋር ተቀምጦ አዳመጠ፣ ተከራከረ፤ በ1622 እዚሁ አገራችን ውስጥ ሞተ። በ1625 አልፎንሶ ሜንዴዝ የካቶሊክ ፓትርያርክ ተብሎ መጣ። ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ የቅዳሜ ሰንበት ይሻር፣ ግዝረት ይቅር አለ። ገበሬው ዐመፀ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ሱስንዮስ የቀደመውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። እኔና አንቺ ከሌላ ቦታ የተላከ ሰው በደጁ መጥቶ «የያዝኸውን ሁሉ ጣል» ያለው ሕዝብ ልጆች ነን። ማዳጋስካር ውስጥም ካንቺ በፊት ብዙ ትውልድ የጸለየባቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ። ወደ ማዋለጃው ክፍል ስትገቢ የአገሩን አዋላጆች የመጀመሪያውን ሳምንት እዪአቸው፤ ውሃ አቀብዪ፣ ጨርቅ እጠቢ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ምን እያሉ እንደሚያጽናኗት ስሚ። «ሰላማ» ሰላምታ ነው፤ ለእኛ ጆሮ አይከብድም። ምስጋና «ሚሳኦትራ» ነው። በእነዚህ በሁለቱ ጀምሪ።

ስለ ምግብም ልንገርሽ። ማላዊ የገባሁት ሦስት ኪሎ ድርቆሽ ሻንጣዬ ውስጥ ይዤ ነው። ያሳደረችኝ ሴት በየማታው ንሲማ ትሠራለች፤ ከነጭ የበቆሎ ዱቄት የሚገነፋ ጠንካራ ገንፎ ነው። በቀኝ እጅ ድብልብል አድርገው በዱባ ቅጠል ወጥ ወይም ኡሲፓ በሚሉት የሐይቅ ደቃቅ ዓሣ ይበሉታል። ከመብላታችን በፊት ትልቋ ልጇ ተንበርክካ ታስታጥበኛለች። እኔ ሁለት ሦስት ጉርሻ ወስጄ «ጠግቤአለሁ» እልና ክፍሌ ገብቼ ድርቆሼን በውሃ አርሼ በበርበሬ እበላለሁ። እንዲህ እያልሁ ሁለት ሳምንት ሄደ። አንድ ማታ በሩ ሳይዘጋ ቀርቶ አየችኝ። ምንም አላለችም። በነጋታው ለእኔ ንሲማ አልቀረበም፤ ከገበያ ዳቦ ገዝታ በሳህን አስቀመጠችልኝ። ልጆቿ ዳቦውን እያዩ ቆመዋል። የቤቱን ገንዘብ ለእኔ ዳቦ አውጥታው ነበር።

የቀረውን ድርቆሽ ሁሉ በዚያው ቀን አወጣሁት። በእሷው ድስት፣ በእሷው ዘይትና ሽንኩርት ፍርፍር ሠራሁ፤ ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። በርበሬው ልጆቹን አስለቀሳቸው፤ እያለቀሱ ጨመሩ። ከዚያ ማታ ጀምሮ ንሲማዬን እንደ ሰው ጠቅልዬ መብላት ቻልሁ፤ ሴቲቱም ልቧን ከፍታ ስለ ሞተው ልጇ ያጫወተችኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ጌታም ደቀ መዛሙርቱን ሲልካቸው የቀረበላቸውን እንዲበሉ ያዘዘው በከንቱ አይመስለኝም። አንቺን የሚጠብቅሽ ሩዝ ነው፤ ጧት፣ ቀን፣ ማታ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ስምንት ወጣቶች ሆነን ለሁለት ሳምንት ወደ ማላዊ እንሄዳለን። ለማከፋፈል አራት ጆንያ ያገለገለ ልብስና ለሕፃናት ከረሜላ ሰብስበናል፤ አንድ ትምህርት ቤትም ቀለም እንቀባለን። ፎቶግራፍና ቪዲዮ የሚያነሳ ሰው አለን። ምን እንጨምር? (የወጣቶች ኅብረት አስተባባሪ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀንሱ። ልብሱን ተዉት። ማላዊ ውስጥ ያገለገለ ልብስ ካውንጂካ ይባላል፤ በየገበያው ተከምሮ ይሸጣል፣ በእርሱ የሚተዳደሩ ነጋዴዎች አሉ። ለአራት ጆንያ የምትከፍሉትን የጭነት ዋጋ ቁጠሩት። ቀለም መቀባትም ሥራው ለሆነ የመንደሩ ሰው ደመወዝ ነው። ተቀባያችሁን «ሁለት ሳምንት ስንቆይ ከእኛ የምትፈልጉት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጻፉላቸው፤ መልሱንም በትዕግሥት ጠብቁ። «መጥታችሁ አብራችሁን ጸልዩ፣ ከወጣቶቻችን ጋር ተቀመጡ» ቢሏችሁ እርሱ በቂ ሥራ ነው።

የሕፃን ፎቶግራፍ ያለ ወላጁ ፈቃድ አይነሳ። የታመመ፣ የተራቆተ ልጅ ፈጽሞ አይነሳ። ከመነሳታችሁ በፊት ስምንታችሁም ተቀምጣችሁ አንድ ነገር አስቡ፦ አንድ እንግዳ ደብረ ማርቆስ መጥቶ ታናሽ እኅታችሁን ንፍጧ እንደ ወረደ አንስቶ በአገሩ ቢያሳያት ምን ይሰማችኋል?

ለምታድሩበት ቤት ስጦታ መያዝ መልካም ነው፤ የተቆላ ቡና፣ ነጠላ፣ የእናቶቻችሁ እጅ የሠራው ሰፌድ። ሴቶቻችሁ ከጉልበት በታች የሚወርድ ቀሚስ ይያዙ፤ እዚያ ሲደርሱም ቺቴንጄ የሚሉትን ጨርቅ ገዝተው ያገልድሙ። «ዚኮሞ» አመሰግናለሁ ማለት ነው። ሐይቁ ያምራል፤ ሸምበቆው ዳር ግን አትንቦራጨቁ፣ ቢልሃርዚያ አለበት። የጣና ዳር ሰዎችም የሚያውቁት በሽታ ነው።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከቢቸና ነው። ልጄ ሃይማኖቱን ከለወጠ አራት ዓመቱ ነው። አሁን ለስብከት ወደ ዛምቢያ ለስድስት ወር ልሄድ ነው አለኝ። ሳይደብቅ ነገረኝ። ስንቅ ላዘጋጅለት ስል ጎረቤቶቼ «ለዚህ ሥራ ስንቅ ማዘጋጀት ኃጢአት ነው» ይሉኛል። ምን ላድርግ? ብሰንቅለትስ ምን ይያዝለታል? (እናት)

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ ሳይደብቅ ስለ ነገረዎ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ስለ ሃይማኖቱ ያለዎትን ሐዘን እኔ ልዳኘው አልችልም፤ ለእግዚአብሔር ይንገሩት፤ ለልጅዎም ሳይቆጡ ይንገሩት። መንገደኛ ግን ባዶ እጁን ከቤት አይወጣም። ጎረቤቶችዎም ልጃቸው ቢሆን ቆሎ ሳይቋጥሩ የሚቀሩ አይመስለኝም።

ቅቤና ማር አያሲዙት፤ ያልተፈጨ እህልና ዘርም ይቅር፤ በኬላ ሊወሰድበት ይችላል። በሶ ጥሩ ነው። ሽሮና በርበሬውን በየብቻው በወፍራም ላስቲክ ሁለት ጊዜ ጠቅልለው ያሽጉ፤ ፈታሹ ዱቄት ሲያይ እንዳይጠራጠር በላዩ ላይ ምን እንደ ሆነ በእንግሊዝኛ ይጻፍበት፤ ልጅዎ ይጽፈዋል። ዛምቢያ ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው። የምትደዋወሉበትን ቀን ከአሁኑ ቁረጡ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቢሆን ለሁለታችሁም ይመቻል። አንዳንድ እሑድ መስመሩ እምቢ ቢል አይደንግጡ።

ድርቆሽም ያድርቁለት፤ ለአንድ ሰው ብለው ግን አይመጥኑት፤ የሚያሳድሩት ቤተሰብ ከነልጆቹ የሚቀምሰው ያህል ይሁን።